የአሪየት ጎደሬ

ቅዳሜ ዕለት ጋምቤላ ገበያ፣ ጆንያዬን ዘርግቼ በተቀመጥኩበት፣ ምርኩዝ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ቆሙና "ኦርጋኒክ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "አይደለም፤ ጎደሬ ነው" አልኳቸው። ከጎኔ ቲማቲም የምትሸጠው ልጅ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። እንደምንም ጎንበስ ብለው አንዱን አነሱ፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ልጡን ጫር አደረጉና ውስጡን አይተው አሸተቱት። "መድኃኒት ያልነካው ማለቴ ነው" አሉ፤ "ማዳበሪያ፣ የአረም መድኃኒት፣ እንዲህ እንዲህ ያለው።" ሐኪም ስኳር አለብህ እንዳላቸው፣ ልጃቸው ደግሞ ከስልኳ አንብባ ምንም ያልተደረገበትን ፈልገህ ግዛ እንዳለቻቸው አጫወቱኝ። ሌላም ብዙ ነገር ተናግረው ይሆናል፤ እኔ አልሰማሁም። ዓይኔ አውራ ጣታቸው ላይ ቀርቶ ነበር። የሰው ፊት ያረጃል፣ ድምፁም ይሰበራል፤ የእጅ አመል ግን እስከ መቃብር ነው። ያ አውራ ጣት፣ እኔ ገና ልጃገረድ ሳለሁ የእኛን ጎደሬ እንዲሁ ጫር አድርጎ፣ እንዲሁ አሽትቶ "ይነቀል" ያለ ሰው ጣት ነው።

ደሜ ፈላ። በእኔ ዕድሜ ደም መፍላት የለበትም ይላሉ፤ የእኔ ግን ይፈላል። ነገሩን ያባሰው ቀኑ ነው። ለሰኞ ጎደሬዬ ሊነቀል ቀን ተቆርጦለት ነበር። ያው ጎደሬ ነው፣ ዘሩም ያው፣ ለሁለተኛ ጊዜ። በፊት ኋላቀር ነው ተብሎ ተነቀለ፤ አሁን ደግሞ ምርጥ ዘር አይደለም ተብሎ ነው። እኔ ዘሃራ በሁለቱ ነቀላዎች መካከል አድጌ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ባል ቀብሬ አርጅቻለሁ። ሰውየው ደግሞ መድኃኒት ያልነካው ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይኼ ነው።

እኛ ከወሎ ነው የመጣነው። ድርቁ ያለንን ሁሉ ጨርሶ ሲያበቃ፣ መጀመሪያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወንበር በሌለው ትልቅ አውሮፕላን ጭነው ጋምቤላ አወረዱን። ወለሉ ላይ እንደ ጆንያ ተደርድረን ነው የመጣነው። እናቴ አገልግሏን ታቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ዱዓ ታደርግ ነበር፤ አገልግሉ ውስጥ ምንም አልነበረም። አባቴ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ሙቀቱ ፊቱን ሲለበልበው "ይኼ የሞተሩ ወላፈን ነው፤ ራቅ እንበል" አለን። ራቅ አልን፤ ወላፈኑም ተከተለን። ይኸው እስካሁን አልለቀቀንም። ዛሬ በዚያው አውሮፕላን ማረፊያ በር ሳልፍ ልጆች ባለ ጎማ ሻንጣ እየጎተቱ፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ሲወጡ አያለሁ። ፎቶ ይነሳሉ፤ ደግ አደረጉ። እኛ የወረድን ቀን ፎቶ ያነሳን ሰው ካለ ፎቶው የት እንዳለ አላውቅም።

ከማረፊያው በጭነት መኪና ወስደው ጫካ መሀል ዘረገፉን። መንደራችን ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ነበራት። ዛሬም የምትጠራው በቁጥሯ ነው፤ ለሠርግ እንኳ ስንጠራራ "መንደር ስንት ናችሁ?" እንባባላለን። መሬቱ ባለቤት እንደነበረው የገባን ቆይተን ነው። አኙዋዎቹ ከጅረቱ ማዶ ቆመው ያዩን ነበር። እነሱን የጠየቀ አልነበረም፤ እኛንም የጠየቀ አልነበረም።

ልብሳችን ጆንያ ነበር። የእርዳታ እህል የመጣበት ጆንያ ለስለስ ስለሚል ለሴቶች ቀሚስ ይሆናል፤ የማዳበሪያው ላስቲክ ስለሆነ ስንራመድ ይንኮሻኮሻል፤ ሌባ አያሠራም እያልን እንሳሳቅ ነበር። ትንሹ ወንድሜ አህመድ ቂጡ ላይ "50 ኪሎ" የሚል የተጻፈበት ቁምጣ ነበረው፤ ራሱ ግን እንኳን ሃምሳ ሃያም አይሞላም። እግራችን ላይ፣ ላገኘ ሰው፣ ኮንጎ ጫማ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ላስቲኩ ስለሚግል አውልቀን በእጃችን እንይዘዋለን። ከመጋዘኑ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነበረ፤ ከማለዳ ጀምሮ ስለ ምርት ይዘፍንልናል። ዘፈኖቹን ዛሬም አውቃቸዋለሁ፤ ምጣድ ሳጥብ ሳላስበው ከአፌ ያመልጡኛል፤ እናደድና ደግሞ እቀጥላለሁ። ከተማ የመውረድ ፈቃድ ያገኘ ሰው ከባሮ ድልድይ ዝቅ ብሎ ካለው ማንጎ ሥር በስሙኒ የተጠበሰ ዓሣ ከነጭንቅላቱ ይበላ ነበር። አሁን ማንጎው ሥር የባጃጅ ተራ ሆኗል። ማንጎው ግን አለ፤ ፍሬውንም ባጃጁ ላይ ማንንም ሳይጠይቅ ይጥላል።

ጎደሬን መጀመሪያ ያየነው በአንዲት አኙዋ ሴት ቅርጫት ውስጥ ነው። አባቴ አገላብጦ አየውና በሙሉ ልብ "ድንች ነው፤ ጠጉራም ድንች" ብሎ ፈረደ። እናቴ በጨው ለወጠችው፤ እሷን አይተው ጎረቤቶቹም ለወጡ። እንደ ድንች አንድ ጊዜ ገንፈል ሲል አወጣነውና በላነው፤ እሱም በላን። አማርኛ መቼም ለዚያ ቀን የተዘጋጀ ቋንቋ ነው፤ የምንጎርሰውም የሚያሳክከንም በአንድ ቃል "በላ" ነው። ጉሮሯችን በመርፌ የተጠቀጠቀ መሰለን፤ ከንፈራችን አበጠ፤ መንደሩ በሙሉ አንገቱን እያከከ ደጅ ወጣ። አንዱ "መርዝ አበሉን" አለ። ይቺ ቃል ከቤት ቤት ዞራ ሳታበቃ ወንዶቹ ዱላ ይዘው ወደ ጅረቱ ወረዱ። ያን ቀን ደም ሊፈስ እንደነበረ ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

የመጣችው አሪየት ናት፤ ጎደሬውን የለወጠችን ሴት ራሷ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ልጅ ያዘለች ወጣት ናት። ዱላውን አየች፣ አንገቱን የሚያክከውን ሰው አየች፣ ነገሩ ሲገባት መሬት ላይ ቁጭ እስክትል ድረስ ሳቀች። ከዚያ የእናቴን ድስት ወስዳ ጎደሬውን ላጠች፣ ቆራረጠች፣ ቀቀለች። የመጀመሪያውን ውሃ ደፋችው። ሌላ ውሃ ጨመረችና እንጨቱ አልቆ አመድ እስኪሆን ጠበቀች። ሁላችንም እሳቱን ከበን ዱላችንን እንደያዝን ጠበቅን። መጀመሪያ ራሷ በላች፤ ቀጥላ ለአባቴ ሰጠችው። "ብላ። ድንች ይቸኩላል። ይኼ አይቸኩልም" አለችው። አባቴ በላ። ለስላሳ ነበር፤ እንደ ኬክ ይፈረፈራል ብዬ ልዋሽ አልችልም፣ ያኔ ኬክ በልቼ አላውቅም። ጎደሬ ጎደሬ ይላል፤ እኔን የሚበቃኝ ይኼ ነው።

አሪየት አማርኛ የተማረችው ከወታደሮች ነው፤ ወታደር ደግሞ የሚያናግረው ወንድ ነው። ስለዚህ በእሷ አማርኛ ሴት የሚባል አልነበረም፤ እኔንም እናቴንም "አንተ" ትለን ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል የደረስኩ፣ በመሠረተ ትምህርት አዋቂ የማስተምር ልጅ ስለነበርኩ ላርማት ሞከርኩ፤ ኋላ አፍሬ ተውኩት። የእኔ አኙዋኛ ከእሷ አማርኛ መቶ ጊዜ የባሰ ነበር። ያስተማረችኝ እሷ ናት። ጎደሬ ሲወጣ አናቱን ከሁለት ጣት ሥጋ ጋር ትቆርጣለህ፤ ግንዱን ታሳጥራለህ፤ ቁስሉን አመድ ታስነካለህ፤ ከዚያ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ሣርና የፍየል በጠጥ ረግጠህ በዚያው ቀን መልሰህ ትተክለዋለህ። ነገ የሚባል ነገር የለም። "ዘሃራ፣ አንተ ስማ" ትለኝ ነበር፤ "ጉድጓድ ባዶ አያድርም። ባዶ ካደረ ሰው ይጠራል።" በዚያ ዓመት ወባው ጉድጓድ አስቆፍሮን ነበር። አህመድ ከነሃምሳ ኪሎ ቁምጣው በአንዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ አሪየት ይኼን ስትለኝ አልሳቅኩም፤ እስከ ዘንድሮ አንድም ጉድጓድ ባዶ አሳድሬ አላውቅም ነበር።

ጓድ ታደሰ የግብርና ባለሙያችን ነበር። ካኪ ሱሪ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይኼን ለመናገር ዕድሜ ፈጅቶብኛል። ያመነበትን የሚሠራ ወጣት ነበር፤ ያመነው ደግሞ በትራክተር፣ በማዳበሪያና ቀጥ ብሎ በተዘራ በቆሎ ነው። እኛ የጋራ ከሆነው የማኅበሩ እርሻ ስንመለስ በየጓሯችን ጎደሬ እንደምንተክል ሲሰማ መጣ። አንዱን አወጣ፣ በጥፍሩ ጫረው፣ አሸተተውና የስንፍና ተክል ነው አለ። ሞፈር አይፈልግ፣ መስመር አይፈልግ፣ ማዳበሪያ አይፈልግ፤ ሰውን ከማኅበሩ ሥራ ያሳንፋል ብሎ ደመደመ። "ይነቀል" አለ። በሁለት ቀን ውስጥ ከመንደሩ ጎደሬ ጠፋ። አባቴ የገዛ እጁ የተከለውን ሲነቅል ቆሜ አየሁ፤ አንድ ቃል አልወጣውም። ልጆች ያሉት ሰው ነው፣ ራሽን የሚቆርጡበት ሰው ነው፣ ይገባኛል። ግን ያን ዝምታ ያን ጊዜ አልወደድኩለትም፤ ነፍሱን ይማርና ዛሬም አልወደድኩለትም።

የተነቀለው ከመጋዘኑ ጀርባ ተከምሮ ፀሐይ መታው። ወደ ማምሻው አሪየትና እኔ ከክምሩ አናት አናቱን እየለየን በእህል ጆንያ ሞላን፤ ከጅረቱ ዳር፣ ከደንገሉ ጀርባ ወስደን ተከልነው። ጭቃው እስከ ጉልበታችን ነበር፤ ስንወጣ እግራችን ላይ የተጣበቀውን አልቅት እርስ በርስ ለቀምን። ማንም አላየንም። ቀጥሎ በመጣው ክረምት ጎርፉ መንገዱን ቆረጠው። የእህል መኪና ቀረ፣ የማዳበሪያ መኪና ቀረ፣ ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የወፍ መስፈሪያ ሆነ። ድምፅ ማጉያው ብቻ ነበር የሚሠራው። ሰው አብሽር፣ ነገ ይመጣል እየተባባለ ቀን ቆጠረ። እኔና አሪየት ከደንገሉ ጀርባ እያወጣን፣ አናቱን እየመለስን፣ ለየቤቱ አዳረስን። አንድ ቀን ጓድ ታደሰም ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አጥብቆ አሪየት ደጅ ቆመ። ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቃት።

"አንተ የነቀልከው ነው" አለችው።

በሕይወቷ ለአንድ ጊዜ "አንተ" ያለችው ለሚገባው ሰው ነበር። ቁጭ ብሎ በላ። ከየት አመጣችሁት ብሎ አልጠየቀም፤ እኛም አልነገርነውም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ጎደሬ ሲኮተኩቱ የሚያዜሟት ስንኝ ወጣች፤ ማን እንዳወጣት አልናገርም፤
ጎደሬ ብለውት ስሙን አጎደሉት፣
ጎተራው ሲጎድል ሮጠው ጎረሱት።

ዘመን መጣ፣ ዘመን ሄደ። ማኅበሩ ፈረሰ፣ መሬቱ ተከፋፈለ፤ ያቺ የጅረት ዳር ለእኔና ለባለቤቴ ደረሰች፣ እሱም ዓይኑን ሳያሽ ጎደሬውን ለእኔ ተወው። ክፉ ቀኖችም መጡ፤ የእኛ ሰውና የአሪየት ሰው በጎሪጥ የተያዩበት ጊዜ ነበር። እሷ ቤት ተደብቄ አውቃለሁ፤ እሷም እኔ ቤት ተደብቃ ታውቃለች። ከዚህ በላይ ስለዚያ ጊዜ አልጽፍም። ማዳበሪያንም ቢሆን ሞክሬዋለሁ፤ የማላውቀውን የምሰድብ ሰው አይደለሁም። በቆሎው ላይ መጀመሪያ ሲነሰነስ ሰው አከለ፣ ሰውም በለጠ፤ አልሐምዱሊላህ ብለናል። ጎደሬው ላይ ደግሞ አንድ መስመር ሞከርኩ። ቅጠሉ ዝናብ የሚያስጠልል ሆነ፣ ሥሩም ወፍራም ወጣ። ግን ውሃ የበዛበት ነበር፤ ወጥቶ ሲቀመጥ ቶሎ ይበሰብሳል። በዓመቱ ማዳበሪያ ሳልጨምር ብተክል አፈሩ አኮረፈ፤ ያለሱ አልሠራም አለ። መሬት ሱስ ይይዘዋል ማለት ያኔ ገባኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብዬ ተውኩት፤ ወደ ሣሬና ወደ በጠጤ ተመለስኩ። አሪየት ያን መስመር ስታይ በዓይኗ ብቻ ሳቀችብኝ። እሷም አለፈች። በመጨረሻው ክረምቷ ምርኩዟን ይዛ መጥታ ከጅረቱ ዳር ቁጭ አለችና ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ስታይ ዋለች። ባዶ ፈልጋ ነው፤ አላገኘችም።

ዘንድሮ ደግሞ ጎደሬ ክብር አገኘ። ከላይ፣ ከመቲ ከተማ የሚወርደው ጎደሬ አልበቃ ብሎ፣ ለጋምቤላ ሆቴሎችና በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ በኩል ላለው ገበያ የሚጭኑ ነጋዴዎች እኛ ጋ መጡ። እኔም ደስ አለኝ፤ እድሜ ለአሪየት አልኩ። ደስታዬ ግን ሳምንት አልቆየም። የጅረቱ ዳር ማሳዎች በሙሉ ኩታ ገጠም ሊሆኑ ነው ተባለ፤ የሁሉም ሰው ማሳ እንደ አንድ እርሻ ተያይዞ፣ አንድ ዓይነት ምርጥ ዘር፣ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ፣ አንድ ዓይነት የአረም መድኃኒት። ነባሩ ዘር በሽታ እንዳያስተላልፍ ይነቀላል። የእኔ ማሳ ደግሞ በትክክል መሀል ላይ ናት። የኩታ ገጠሙ ሊቀመንበር ማን ሆነ? ልጄ መሐመድ። ያጠባሁት፣ ጎደሬ አላምጬ ያጎረስኩት፣ ሀሁን ያስቆጠርኩት መሐመድ።

ልጄን ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው፤ የተናገረውም ቢሆን ከንቱ አልነበረም። ሕዝብ በዝቷል፣ መሬት አልበዛም አለኝ። አንቺ በእጅሽ ስትኮተኩቺ የምትውዪውን መድኃኒቱ በአንድ ጥዋት ይጨርሰዋል፣ የአንቺ ወገብ ደግሞ አላቂ ነው አለኝ። ልጆቹን የሚያስተምረው ከዚህ መሬት ነው። እኔም መለስኩለት። የሚገድለውን ነገር መድኃኒት ብሎ ስም ያወጣለት ሰው መጀመሪያ አማርኛ ይማር አልኩት። ተኮራረፍን። መንደሩ በእኛው ሰፈር ማንጎ ሥር ሲሰበሰብ እኔ ድስቴን ይዤ ሄድኩ። ቀድመው በተከሉት የሙከራ ማሳ ላይ በማዳበሪያ የበቀለውንና የእኔን ቀቅዬ፣ ሳልነግራቸው በሁለት ሳህን አቀረብኩ፤ ቅመሱና ፍረዱ አልኳቸው። እልል ልል ተዘጋጅቼ ነበር። ግማሹ ያንን አለ፣ ግማሹ ይኼን አለ። መሐመድ ሁለቱንም አጣጥሞ "የእናቴ ይኼ ነው" ብሎ የማዳበሪያውን አነሳ። ሰው ሳቀ፤ እኔ ልሞት ደረስኩ። ያን ቀን ቢደብቀኝ የምስጥ ጉድጓድም እገባ ነበር።

ግን አልተቀመጥኩም። ጣዕም ለእያንዳንዱ ምላስ የተሰጠ ነው፤ ተሸንፌያለሁ አልኳቸው። ቀጥዬ ምርጥ ዘሩ በምን እንደሚመጣ ጠየቅኩ። በመኪና፣ አሉ። ማዳበሪያውስ? በመኪና። መድኃኒቱስ? እሱም በመኪና። "የእኔ ጎደሬ መኪና አይጠብቅም" አልኩ። "እኛን ራሳችንን በመኪና ነው አምጥተው የዘረገፉን፤ መኪናው ሲቀር ምን እንደበላን የምታስታውሱ ሽማግሌዎች እዚህ አላችሁ፤ ለምን ዝም ትላላችሁ?" ዝም አሉ። አባቴን ያየሁ መሰለኝ። ድምፅ ተሰጠ፤ ኩታ ገጠሙ አለፈ፤ እጄን ያላወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግስቱ የአሁኑ የግብርና ባለሙያ የውል ወረቀት ይዞ በየቤቱ ዞረ። ጨዋ ልጅ ነው፤ እናቴ እያለ ነው የሚያናግረኝ። ወረቀቱ ላይ እኔ ከታች ስሜ የተጠቀሰው አርሶ አደር ነባሩን ጎደሬ ነቅዬ በምርጥ ዘር ለመተካት ተስማምቻለሁ የሚል ተጽፏል፤ ሁለት ቅጂ ነው፣ ሲጸድቅ አንዱ ለእኔ ይመለሳል። ልጁ ሽበቴን አየና እስክሪብቶ ሳያወጣ የጣት አሻራ ቀለሙን ከፍቶ ከፊቴ አስቀመጠልኝ። እኔን! ይኼን መንደር ፊደል ያስቆጠርኩትን! የቀለሙን ክዳን መልሼ ከደንኩና እስክሪብቶውን ከኪሱ መዘዝኩ። ስልክ ተደውሎለት ፊቱን አዙሮ ያወራ ነበር። በሁለቱም ቅጂ፣ በፊርማው ቦታ፣ በትልልቅ ፊደል "አልነቅልም" ብዬ ጻፍኩ። ስልኩን ሳይዘጋ ተቀበለኝ፣ አመሰገነኝ፣ ሳያየው ከሌሎቹ ጋር ማኅደሩ ውስጥ ከተተው። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ ደግሞ ዘጋሁት። የጻፍኩትን ጽፌያለሁ፣ ማንበብ የእነሱ ሥራ ነው አልኩ። ወረቀት ግን መቼ ሰምቶን ያውቃል? ሰኞ መጥተው እንደሚነቅሉት አልተጠራጠርኩም። ለቅዳሜ ገበያ የደረሰውን ያወጣሁት ለስንብት ያህል ነው፤ አናቶቹንም በጆንያ ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ ለማን እንደምሰጣቸው ግን አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ጋሽ ታደሰ ከፊቴ የቆሙት በዚህ መሀል ነው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ የመንደሩን ቁጥር፣ የአሪየትን ድስት። ምርኩዛቸው ላይ ተደገፉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የእርጅና ይሁን የሐዘን አልለየሁትም። "ወረቀት መጣልኝ፤ ማኅተም ነበረበት" አሉኝ። "ማኅተም ያለበትን ማን ይከራከራል፣ እህቴ?" ሰኞም ሊነቅሉት ነው አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። የጠየቁትን ሸጥኩላቸው፤ ቅናሽም አላደረግኩም። ከዚያ አንድ አናት ከጆንያው አውጥቼ በገዙት ላይ ጨመርኩላቸው። ይኼ የሚሸጥ አይደለም አልኳቸው። የት ልትከለው እንዳሉኝ አስታውሳለሁ፤ ግቢያቸው ሲሚንቶ ነው፣ የቧንቧ ውሃ የሚፈስባት አንዲት ጥግ ብቻ ናት ያለቻቸው።

"እርስዎ ባዶ የተዉት ጉድጓድ ብዙ ነው" አልኳቸው፤ "አንዷን ይሙሏት።"

ሰኞ በማለዳ መጡ። ባለሙያው፣ ቀን ሠራተኞች ከነዶማቸው፣ ገመድና ችካል የያዘው መሐመድ። እኔ ማሳዬ ዳር ተቀምጬ ነበር፤ ዶማው ሲያርፍ ላላይ ዓይኔን አልጨፍንም ብዬ ምያለሁ። ከመጀመራቸው በፊት የጸደቀው ውል ለየሰዉ ይታደል ተባለ። መሐመድ እያንዳንዱን ስም እየጠራ ሰጠ። የእኔ ስም ላይ ሲደርስ ጠራኝ። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዞረው። የእጅ ጽሑፌን ያውቀዋል፤ ፊደል የቆጠረው በእሱ ነው።

"አልነቅልም ይላል" አለ። "ማኅተም አለበት።"

ባለሙያው ነጥቆ አየው። ወይን ጠጁ ክብ ማኅተም በትክክል በቃሉ ላይ አርፏል፤ ከጎኑ "ጸድቋል" የሚል፣ ከሥሩም የኃላፊ ፊርማ። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ስህተት ነው፤ ቢሮ ተመልሶ ይሰረዛል አለ። እኔ ልመልስ ስል መሐመድ ቀደመኝ። "ምን ብለህ ነው የምታሰርዘው?" አለው። "ሳናነብ ማኅተም መታን ብለህ?" ባለሙያው ወረቀቱን አየ፣ ሠራተኞቹን አየ፣ እኔን አየ። ቆይቶ ወረቀቱን አጥፎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ልጄ ችካሉን ነቀለ፤ ገመዱን በማሳዬ ዙሪያ አዙሮ እንደገና ተከለው።

ያን ቀን ለመሐመድ ምሳ ሦስት ጎደሬ አወጣሁ፤ አናታቸውንም ሣር ረግጬ እዚያው መለስኩ። ከገበያ ይዣቸው የተመለስኩትን አናቶችም ከጆንያው እያወጣሁ የነበሩበት ጉድጓድ መለስኳቸው። እነዚያ ሁለት ሌሊት ባዶ አድረዋል፤ አሪየት ይቅር በዪኝ አልኳት። በዙሪያዬ አሁን ምርጡ ዘር ቀጥ ብሎ በመስመር ተተክሏል፤ ያብቅለው፣ ምቀኛ አይደለሁም። መኪናው በቀረ ቀን ግን አናት ከማን እንደሚለመን እናያለን። ወረቀቱን ከአልጋዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። በሕይወቴ ብዙ ወረቀት አልፎብኛል። በአውሮፕላኑ ዝርዝር ላይ ቁጥር ነበርኩ፣ በሰፈራው ካርድ ላይ ቁጥር ነበርኩ፣ በራሽኑ ደብተር ላይ ቁጥር ነበርኩ፤ መንደሬም ቁጥር ናት። ማኅተም አርፎበት ቁጥር ያልሆንኩበት ወረቀት ይኼ ብቻ ነው።